የተሳቢው ፍሬን መብራት «ተሠርቷል» ተባለ፤ እውነት መሠራቱን በምን ላረጋግጥ?

ጥያቄ፦ የስምሪት ኃላፊዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ተሳቢዎቻችን ላይ መብራት የሚከታተል ሴንሰር ተገጥሟል። አንዱ ሲበላሽ ስልኬ ላይ መልእክት ይመጣል። ባለፈው ሳምንት «የግራ ፍሬን መብራት አይሠራም» አለኝ። ጋራዥ ላክነው፣ አምፖል ቀየሩ፣ መልእክቱ ጠፋ። እኔም ሥራውን ዘጋሁት። በሦስተኛው ቀን ያው መልእክት ተመልሶ መጣ። ደግሞ ጋራዥ ገባ፣ ደግሞ አምፖል ተቀየረ፣ ደግሞ «ተሠርቷል» ተባለ። አሁን ማስጠንቀቂያ የለም፤ እኔ ግን አላመንኩም። ከኋላ ያለው ሹፌር ተሳቢው መቆሙን የሚያውቀው በዚያ መብራት ነው። ተሳቢውን ወደ መንገድ ከመልቀቄ በፊት ምን ላስደርግ?

መልስ፦ የከባድ መኪና ኤሌክትሪሺያን
እህቴ፣ አለማመንሽ ልክ ነው። አብዛኛው ሴንሰር ብርሃኑን አያይም። የሚለካው በሽቦው የሚያልፈውን ከረንት ነው። 21 ዋት አምፖል በ24 ቮልት 0.9 አምፔር ገደማ ይስባል። ያ ሲጠፋ «ተቃጥሏል» ይላል። ሽፋኑ በጭቃ ቢደፈን ለሱ ሁሉም ደህና ነው። ፍሬን ሲረገጥ ብቻ የሚለካ ሲስተምም አለ። ስለዚህ ጋራዡ ማስጠንቀቂያውን ከሰረዘው፣ ፍሬን እስኪረገጥ ድረስ ዝም ሊል ይችላል።

አምፖል ተቀይሮ በሦስት ቀን ከተመለሰ እኔ የምጠረጥረው ማሳውን፣ ማለትም ኔጋቲቩን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አምፖሉን አውጥቶ በቴስተር ይለካና 24 ቮልት ሲያይ ይረካል። አንድ ክር ብቻ የቀረው ሽቦ እንኳ አምፖል ሳይኖር 24 ያሳያል! አንድ ሰው ፍሬን ረግጦ ይያዝ። አምፖሉ በርቶ እያለ የቴስተሩን አንድ ጫፍ የመብራቱ ማሳ ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አድርጉ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ መንገዱ ላይ የተበላሸ ነገር አለ። ፍሬን ተይዞ ፍሬቻ ሲበራ የፍሬኑ መብራት አብሮ ብልጭ ድርግም ካለም ያው የማሳ ችግር ነው።

መልስ፦ የረጅም መንገድ ሹፌር
ከጎታቹ ጋር የሚያገናኘውን ባለ 7 ቀዳዳ ሶኬት ክፈቱት። በ24 ቮልቱ ሶኬት የፍሬን መብራት 4 ቁጥር ላይ ነው። እኔ ስከፍተው ዝጎ አረንጓዴ ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ሌላ ጎታች ላይ ሰክታችሁም ሞክሩ። ችግሩ ተሳቢውን ተከትሎ ከሄደ ጎታቹ ነፃ ነው።

መልስ፦ የከባድ መኪና ኤሌክትሪሺያን
ሶኬቱን ማየት ጥሩ ነው፤ ግን 4 ቁጥር የግራውንም የቀኙንም ፍሬን መብራት ነው የሚያበራው። እሱ ቢበላሽ ሁለቱም ይጠፉ ነበር። አንድ ጎን ብቻ ከሆነ ሽቦው ለሁለት ከተከፈለበት ወዲህ ፈልጉ።

መልስ፦ የጥገና ተቆጣጣሪ
እኔ ጥገና የምቀበለው ሆን ብዬ ካበላሸሁት በኋላ ነው። አምፖሉን አስወጪና ፍሬን ይረገጥ። መልእክቱ መምጣት አለበት። ካልመጣ ሴንሰሩ ያንን መብራት እያየው አይደለም። ከዚያ መልሰው ይክተቱ፣ ይረገጥ፤ መልእክቱ በራሱ መጥፋት አለበት። ማንም አይሰርዘው።

ማስረጃ ከፈለግሽ ያልተቆራረጠ አንድ ቪዲዮ ጠይቂ። ከታርጋው ይጀምር። መጀመሪያ የኋላ መብራት ይብራ፣ ከዚያ ፍሬን ይረገጥ። ብርሃኑ በግልጽ መጨመር አለበት። በባለ ሁለት ክሩ አምፖል የፍሬኑ 21 ዋት፣ የኋላው 5 ዋት ነው። ካልጨመረ ወይ አምፖሉ ወይ ሽቦው ተምታቷል። የቪዲዮው ሰዓት ከመልእክቱ ሰዓት ጋር ይገጥማል ወይ? እሱንም እዪ።

አንድ ነገር አደራ። በአምፖሉ ፋንታ ኤልኢዲ ገጥመው፣ ማስጠንቀቂያው እንዲጠፋ ሬዚስተር የሚጨምሩ አሉ። ያኔ ኤልኢዲው ቢሞትም ከረንቱን ሬዚስተሩ ስለሚስብ ሴንሰሩ ምንም አይልም። መጨመሩን በቀጥታ ጠይቂያቸው።

የስምሪት ኃላፊዋ
ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ዛሬ እኔው ቆሜ አስፈተሽኩ። የግራውን አምፖል አስወጥተን ፍሬን ተረገጠ። መልእክቱ መጣ፤ ግን «የቀኝ ፍሬን መብራት» ነው የሚለው! ሴንሰሩ ሲገጠም ግራና ቀኙ ተቀያይሯል። ጋራዡ ሁለት ጊዜ የቀየረው ደህናውን አምፖል ነበር።

የቀኙን ሽፋን አስከፈትኩ። ቆሞ ሲታይ ይበራል። መካኒኩ የማሳውን ሽቦ በጣቱ ነካ ሲያደርገው ግን ጠፋ። ልባሱ ሲገፈፍ ውስጡ አረንጓዴ ሆኗል፣ የቀሩት ሁለት ሦስት ክሮች ናቸው። ሽቦው ተቀየረ፤ በርቶ ሲለካ 0.1 ቮልት አሳየ። ግራና ቀኙም ተስተካክሎ በሁለቱም ጎን አምፖል እያወጣን ደገምነው። ነገ ጠዋት የቀሩትን ተሳቢዎች በዚሁ መንገድ አስፈትሻለሁ።