የ6 ወር ቅድሚያ ኪራይ በባሕር ዳር ዙሪያ አዳዲስ ሰፈሮች፦ ይከልከል ወይስ ይቀጥል?

ጮቄ (አወያይ)
ጉዳዩ ይህ ነው። መሸንቲ፣ ሰባታሚትና እነሱን በመሰሉ አዲስ በሚቆረቆሩ ሰፈሮች ቤት የሚፈልግ ሰው ገና ቁልፍ ሳይረከብ የ6 ወር፣ አንዳንዴም የዓመት ኪራይ ቁጭ አድርግ ይባላል። አንዱ ወገን «ይከልከል» ይላል። ሌላው «ከተከለከለ ቤቱም አያልቅም፣ የሚከራይም አይገኝም» ይላል። ስድብ የለም፣ ፖለቲካም እዚህ አይግባ። ከምታውቁት ሥራ ተነሥታችሁ ተናገሩ።

ጨሞጋ
ይከልከል። የወር ኪራዩ 5,000 ብር ቢሆን የ6 ወሩ 30,000 ነው። ያ ከተከፈለ በኋላ ተከራይዋ ምን ይዛ ትከራከራለች? ውኃ ሲጠፋ፣ ጣራ ሲያፈስ፣ መብራት ሲቆረጥ ያላት አንድ ጉልበት የሚቀጥለው ወር ኪራይ ነው፤ እሱን አስቀድማ አስረክባለች። በአሮጌ ሰፈር የቤቱን ጉድለት ጎረቤት ይነግርሻል። አዲስ ቤት ግን ገና ክረምት አላየም። የካቲት ላይ የታየ ደረቅ ግድግዳ ሐምሌ ላይ ምን እንደሚመስል ባለቤቱ ራሱ አያውቅም።

ዳሞት
እህቴ ጨሞጋ፣ አከራዩን ሁሉ ሀብታም አድርገሽ ነው የምታይው። በማኅበር ቦታ ያገኘ የመንግሥት ሠራተኛ ቤት የሚሠራው እንዴት ነው? መጀመሪያ ከኋላ በኩል ሦስት አራት ክፍል ሰርቪስ ይጥላል። ዋናው ቤት መሠረቱ ወጥቶ፣ ፌሮው ተቀስሮ ዓመት ሁለት ዓመት ይቆማል። ሰርቪሱን የሚያከራየው ዋናውን ለማስቀጠል ነው። የ6 ወሩ ገንዘብ ለድግስ አይውልም፤ የውኃ መስመር ይሳባል፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ ይቆፈራል፣ መስኮት ይገጠማል። ባንክ ካርታ ላልወጣለት ቤት አያበድርም። ከዚያ ያለው አራጣ ነው። አራጣ ከገባ ደግሞ ኪራዩ ማን ላይ እንደሚጨመር ታውቂዋለሽ።

ጨሞጋ
ስለዚህ ተከራይ ባንክ ሆነች ማለት ነው፤ ያውም ያለ ወለድና ያለ መያዣ። ይሁን፣ ግን ብድር ከሆነ እንደ ብድር ይጻፍ።

ግልገል አባይ
ስለ ገንዘቡ እናንተ ተከራከሩ። ከኤሌክትሪክ ሥራ አንጻር፣ 6 ወር የሚከፈልበት ቤት መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ቆጣሪው የማን እንደሆነ ነው።

ቆጣሪ ለማስገባት የይዞታ ማስረጃ ይጠየቃል። ከአርሶ አደር በወረቀት ብቻ የተገዛ ቦታ ማስረጃ የለውም፤ የገጠር መሬት አይሸጥም፣ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ከልክሎታል። እንዲህ ያለው ቤት መብራት የሚያገኘው ከጎረቤት ተጠልፎ ነው። «መብራት አለው» ሲሏችሁ አምፖል መብራቱን ሳይሆን ሽቦው ከየት እንደመጣ ተከተሉት።

ሒሳቡን ላሳያችሁ። ባለ 2.5 ሚሊ የመዳብ ሽቦ ከጎረቤት ቆጣሪ 100 ሜትር ተጎትቷል እንበል። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ግድም ስለሆነ 16 አምፔር ያህል ይስባል። የሽቦው ሬዚስታንስ (የኤሌክትሪክ ፍሰቱን የሚገታበት መጠን) ሲሄድም ሲመለስም ተደምሮ 1.4 ኦም ነው። ስለዚህ 22 ቮልት በመንገድ ይቀራል። 220 የነበረው 198 ይሆናል፣ የምጣዱ ኃይል ደግሞ ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል። ምሽት ላይ ትራንስፎርመሩ ተጨናንቆ መነሻው 200 ከሆነ ምጣዱ ጋ የሚደርሰው 180 ግድም ነው። ያኔ ምጣዱ አይግልም፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ሴቲቱ እርሾውን ትረግማለች። አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው።

ሁለት ተከራይ ባንድ ጊዜ ምጣድ ከለኮሰ 32 አምፔር ይሆናል። 2.5 ሚሊ ያን አይችልም፤ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ መጋጠሚያው ይጠቁራል። ብሬከሩ እየወደቀ ሲያስቸግር «ትልቅ ግጠምበት» የሚል አከራይ ካለ ከዚያ ቤት ውጡ። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ለምጣድ ለብቻው 4 ሚሊ ሽቦና 25 አምፔር ብሬከር ይበቃል።

ሌላው የጋራ ቆጣሪ ሒሳብ ነው። ታሪፉ በእርከን ነው የሚሄደው፤ እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ እስከ 100፣ እስከ 200 እያለ ከ500 በላይ ይደርሳል፣ እርከኑ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ዋጋ ይጨምራል። አራት ቤተሰብ እያንዳንዱ 80 ቢጠቀም ለየብቻቸው በሁለተኛው እርከን ይቀሩ ነበር። ባንድ ቆጣሪ ግን 320 ሆነው አምስተኛው ላይ ይወጣሉ። ንዑስ ቆጣሪ ቢገጠም ማን ስንት እንደተጠቀመ ይታወቃል እንጂ እርከኑ አይወርድም። ይህን ሁለቱም ወገን ሲዋዋል ይረሳዋል።

ዳሞት
ይህን ለአከራይም ቢነግሩት ጥሩ ነው። ብዙው ሰው ክፋት ኖሮት አይደለም፣ ኤሌክትሪሺያኑ ያለውን ይዞ ነው።

ሞጣ
ከደላላ ወገን አንድ ነገር ልበል። ሁለት ወር ብቻ ይከፈል ብትሉ ወረቀቱ ላይ ሁለት ይጻፋል፣ በእጅ ስድስት ይሰጣል። ከልክላችሁ የምታስቀሩት ወረቀቱን ነው። ቤት ፈላጊው ከበዛ ሕግ አያስጥለውም።

አዴት
ሞጣ ያልከው እውነት ነው፣ ግን መፍትሔ አድርገህ አታቅርበው። የተጻፈውን ላስቀምጥ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በመጋቢት 2016 ጸድቋል። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ዘመኑ ከ2 ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይብለጥ፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይሁን ይላል። በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ በሚወስናቸው ስለሆነ የምትከራዩበት ሰፈር ይግባበት አይግባበት ከመፈረም በፊት ከተማ አስተዳደሩን ጠይቁ።

አዋጁ ባይደርስም የፍትሐ ብሔር ሕጉ አለ። የጽሑፍ ውል በተዋዋዮቹ ፊርማና በሁለት ምስክሮች ይጸናል። በእጅ የተሰጠ አራት ወር ግን ምስክሩ እግዚአብሔር ብቻ ነው። አከራዩ «አልተቀበልኩም» ቢል የባንክ ደረሰኝ የሌለው ሰው ምን ያቀርባል? ስለዚህ ሁለት ወር ተጽፎ ስድስት የሚሰጥበት ውል ከሁሉም የከፋ ነው። ስድስት ተጽፎ ስድስት ቢከፈል እንኳ ይሻል ነበር።

ጨሞጋ
አዴት፣ «ይሻል ነበር» ስትል አከራዮች ለጥቅስ ይወስዱታል።

አዴት
ይውሰዱት። የሚጻፈው ግን እንዲህ ነው፦ «ከተከፈለው 30,000 ብር 10,000ው የሁለት ወር ኪራይ ነው። 20,000ው አከራዩ የውኃ መስመሩን እስከ ሚያዝያ 30 ለማስገባት የተቀበለው ነው። መስመሩ በቀኑ ካልገባ የቀረው ይመለሳል።» ይህን ለመፈረም እምቢ ያለ አከራይ ገንዘቡን ለምን እንደፈለገው ነገራችሁ ማለት ነው።

ሰከላ
ግንበኛና ቧንቧ ሠራተኛ የሚያየውን ልጨምር።

ውኃ፦ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ አለ ይሏችኋል። ግቢው ውስጥ 12 ሰው ካለና ሰው በቀን 40 ሊትር ከተጠቀመ 480 ሊትር ነው፤ ሮቶው ሁለት ቀን ብቻ ይቆያል። መስመሩ በሳምንት አንዴ የሚመጣ ከሆነ አምስቱን ቀን ጀሪካን ነው። ሮቶው 3 ሜትር ማማ ላይ ከተቀመጠ ግፊቱ 0.3 ባር ብቻ ነው፣ የሻወር ማሞቂያ አይነሳለትም።

ጉድጓድ፦ የሽንት ቤት ጉድጓድ ከመጠጥ ውኃ ጉድጓድ 30 ሜትር ይራቅ ይባላል። 10 በ15 ሜትር በሆነ ግቢ ከጥግ እስከ ጥግ 18 ሜትር ነው። ስለዚህ ሁለቱም ባንድ ግቢ ካሉ ያን ውኃ አትጠጡት። ወደ ጣና በተጠጋ ዝቅተኛ ቦታ ክረምት ላይ የመሬት ውስጥ ውኃው ወደ ላይ ይመጣል፤ በመጋቢት ደረቅ የነበረ ጉድጓድ ነሐሴ ላይ ይሞላል።

ግድግዳ፦ መረሬ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። መሠረቱ ጥልቀት ካነሰው ከመስኮት ጥግ ወደ ጎን ዘመም ብሎ የሚወጣ ስንጥቅ ታያላችሁ። የሳንቲም ጠርዝ ከገባበት ችግሩ መሠረቱ ጋ ነው። እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነው የልስን ስንጥቅ ግን አያስፈራም። ቆርቆሮውን ቀና ብላችሁ እዩ፤ ምስማሩ በጉብታው ላይ ከነጎማው ካልተመታና በሸለቆው ከተመታ ሰኔ ላይ ባልዲ አዘጋጁ።

ሞጣ
ጋሼ ሰከላ፣ ይህን ሁሉ የሚያይ ተከራይ ካለ እኔ ምን ልበላ ነው?

ሰከላ
ባየ ተከራይ አትከሰስም። ኮሚሽኑ ያው ነው።

ዳሞት
እንግዲህ መሐል ላይ እንገናኝ፤ ሦስት ወር ይሁን፣ አዴት እንዳለው ሥራውና ቀኑ ይጻፍ። መንገዱም ይታሰብ፤ ባሕር ዳር ቢሮ የሚገባ ሰው ለባጃጅና ለሚኒባስ የሚያወጣው ካለ ኪራዩ ቀድሞም ለዚያ ተብሎ ቀንሷል። የባጃጅ ሰዓት ገደብ ሲመጣ ደግሞ ተከራይ ወደ መሐል ከተማ ይሸሻል፣ ባዶ ቤት ይቀራል። ያ ኪሳራ የማን ነው?

ጨሞጋ
አዋጁ ሁለት ይላል፣ አንተ ሦስት ትላለህ። የመንገዱን ያልከውን እቀበላለሁ፤ ግን ያ ውል ለማራዘም እንጂ ገንዘብ ለመሰብሰብ ምክንያት አይሆንም። ሁለት ዓመት ተዋዋል፣ በየወሩ በባንክ ተቀበል።

ዳሞት
ሁለት ወር ብቻ ከሆነ ሮቶውን ተከራይዋ ገዝታ ትግባ።

ጨሞጋ
ትገዛለች። ስትለቅ ግን ይዛው ነው የምትወጣው፤ እሱም ውሉ ላይ ይጻፍ።

ግልገል አባይ
ስትጽፉ የገባችሁበትን ቀን የቆጣሪ ንባብም አስገቡ። የቀድሞው ተከራይ ያልከፈለው ውዝፍ ኋላ ማን ላይ እንደሚወድቅ አስቀድሞ የሚጠይቅ የለም።