የሚጥል በሽታ መድኃኒት ፍተሻ፦ በጋራ ፕሮፖዛላችን የትኞቹ ዘዴዎች ይግቡ?

ሰብሳቢ፣ ባሕር ዳር፦
ጤና ይስጥልኝ፣ የማኅበራችን አባላት። ከባህል ሐኪሞች የተቀበልናቸውን ተክሎች የምንፈትሽበት የዘዴ ክፍል ገና አልተቋጨም። ረቂቁ የያዘው ሁለቱን የተለመዱ የአይጥ ፈተናዎች ነው፤ ኤሌክትሮሾክ (አይጧን በኤሌክትሪክ ማንቀጥቀጥ) እና ፔንቲሊንቴትራዞል (በዚህ ስም በሚጠራው ኬሚካል ማንቀጥቀጥ)። ይበቃሉ ትላላችሁ?

የፋርማኮሎጂ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ፦
አይበቁም። በኤሌክትሮሾኩ ለአይጧ በዓይኗ በኩል 50 ሚሊአምፔር ለ0.2 ሰከንድ ይሰጣታል። የኋላ እግሮቿ ድርቅ ብለው እንዳይዘረጉ ያደረገ መድኃኒት አለፈ ማለት ነው። ከነባሮቹ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ፌኒቶይን ያልፋል፣ ኢቶሰክሲማይድ ይወድቃል። በፔንቲሊንቴትራዞል ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ሌቬቲራሴታም ነው። ዛሬ በብዙ አገር የሚታዘዘው ይህ መድኃኒት ሁለቱንም ፈተና አላለፈም። አቅሙ የታየው በተደጋጋሚ ማነቃቂያ የሚጥል በሽታ እንዲይዛቸው በተደረጉ አይጦች ላይ ነው። የእኛ ተክል እንዲህ ያለ ነገር ቢኖረው በረቂቁ መሠረት ተጥሎ ይቀራል። ስለዚህ የ6 ኸርዝ ፈተና፣ ማለትም በሰከንድ ስድስት ጊዜ ብቻ የሚመታ ኤሌክትሪክ የሚሰጥበት፣ ይጨመር። እሱ ሌቬቲራሴታምን ይለያል። በ44 ሚሊአምፔር ሲሆን ደግሞ ብዙ ነባር መድኃኒቶች ስለሚከብዳቸው፣ መድኃኒት አልበግር ላለው በሽታ የሚሆነውን ለመፈለግ ይረዳል።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ እንጅባራ፦
መምህር፣ ልክ ነዎት። ግን መሣሪያው ድግግሞሹን ወደ 6 ማውረድ፣ ለ3 ሰከንድም መስጠት መቻል አለበት። ያ በጀት ውስጥ ይግባ። በአይጥ ፈንታ በትንሿ የዜብራ ዓሣ የመፈተሽ ዘዴም ጥሩ ነው፤ ትንሽ ናሙና ይበቃዋል። ዓሣውን ማርባት ግን ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ ለሁለተኛ ዙር ይቆይ።

ነርስ፣ ዳንግላ፦
እኔ የላቦራቶሪ ሰው አይደለሁም። ግን ፌኖባርቢታል የሚወስዱ ታካሚዎቼን አያለሁ። የሚጥላቸው ቀንሶ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላቸዋል። ተማሪው ክፍል ውስጥ ያንጎላጃል፣ አራሹ ሞፈር መያዝ ያቅተዋል። አይጧም ያልተንቀጠቀጠችው ደንዝዛ ከሆነ መድኃኒት አገኘን ማለት ይቻላል? ይህ የሚለይበት መንገድ ካለ እባካችሁ አትተዉት።

የፋርማኮሎጂ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ፦
እህቴ፣ ዋናውን ነገር አነሳሽ። ሮታሮድ አለ። አይጧ በሚሽከረከር ዘንግ ላይ ትቆማለች፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ከወደቀች መጠኑ እየጎዳት ነው። ለእያንዳንዱ መጠን ይደረግ። የሚመዘግበው ሰውም የትኛዋ አይጥ ምን እንደተሰጣት አይወቅ።

ሰብሳቢ፣ ባሕር ዳር፦
አስገብቻለሁ። ሁለቱ ነባር ፈተናዎች ይቀድማሉ፤ የወደቀው ሳይጣል ወደ 6 ኸርዝ ያልፋል፤ ሮታሮድ ለሁሉም ይሠራል። እንጅባራዎች፣ የመሣሪያውን ዋጋ እስከ ዓርብ ላኩልኝ። የእንስሳት ሥነ ምግባር ፈቃዱን ማመልከቻ እኔ እጀምራለሁ።