ክርክር፦ ሪራ ሄዶ ማደር ልክ ነው ወይስ አይደለም?

ባለ ጥያቄው፦ ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ ከሪራ ተመለስኩ። ለማታውቋት፣ ሪራ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከጎባ ትወጣላችሁ፣ የሳነቴን አምባ ታቋርጣላችሁ። መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ብርዱ አጥንት ሰብሮ ይገባል። ጅብራው እዚህም እዚያም ቆሟል። ከዚያ አምባው ድንገት ያልቅና ቁልቁለት ይጀምራል። መጀመሪያ አስታ፣ ቀጥሎ ኮሶ፣ ቅርንጫፉ ሁሉ ሽበት አውጥቶ። ሐረና ደን ገባችሁ ማለት ነው። የቀርከሃ አጥርና የቤት ጭስ ስታዩ ሪራ ደርሳችኋል።

አንድ ቤተሰብ ቤት አደርኩና ከፈልኩ። አዲስ አበባ ስመለስ ጓደኛዬ ተቆጣኝ። «ሰው ሊኖርበት በማይገባ ቦታ ገንዘብ ትተህ መጣህ፣ ሰፈራውን አበረታታህ» አለኝ። እኔ ደግሞ ልክ ሠራሁ እላለሁ። ሪራን ዘለን ካለፍን ሰዎቹ ፓርኩን ለምን ይወዱታል? እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የባዮሎጂ መምህርት፦ ጓደኛህ ልክ ነው። ባሌ እንደ ፈረንጆቹ በ2023 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ከእነዚህ ተራሮች የሚነሳው ውኃ ዋቢ ሸበሌንና ገናሌን ይመግባል፣ እስከ ሶማሊያ ድረስ ሕዝብ ያጠጣል። ደኑ ሲመነምን የሚጠማው ሪራ ያለው ሰው ብቻ አይደለም። ዛሬ አንድ የእንግዳ አልጋ፣ ነገ ሁለት ቤት፣ ከነገ ወዲያ ሱቅ። ማገዶው ከየት ይመጣል? ሰሜን ተራሮችን አስታውሱ። እንደ ፈረንጆቹ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከመዝገቡ ወጣ።

የጎባ ልጅ፦ መምህርት፣ አክብሬዎት ነው የምናገረው። ግጭን ያነሱት ግን ልቤን ነካው። እርሻና ከብት ብቻ የሚያውቅ ገበሬ ከተማ ዳር ሲሰፍር ምን ይሆናል? መዝገቡ ላይ ተሳካ፣ የሰዎቹ ኑሮስ? የእኛ ሰው ፓርኩ ሳይከለል በፊት ጀምሮ ጎዳንቱ የሚባለውን ልማድ ያውቃል። ከብቱን እንደ ወቅቱ ከቆላ ወደ ደጋ ያወጣል፣ ሆራ (ማዕድን ያለው ውኃ) ያጠጣል፣ መልሶ ይወርዳል። ቀይ ቀበሮን «ጄዳላ ፈርዳ» (የፈረስ ቀበሮ) የምንለው ከፈረሶቻችን ኋላ ሲሄድ ስላየነው ነው። አብረን ኖረናል።

ያኔ ግን የሰዉም የከብቱም ቁጥር እንደ ዛሬ አልነበረም። ይሄን አልክድም። ዛሬ ወጥቶ የማይወርድ ከብት ብዙ ነው። ወጣቱም መሬት የለውም። ስለዚህ ከከብትና ከእንጨት ሌላ ገቢ ያስፈልገዋል። እንግዳ አይምጣ ካላችሁት ምን ይብላ?

የእንስሳት ሐኪሙ፦ እኔ የምፈራው እንግዳውን አይደለም፣ ውሻውን ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። እንደ ፈረንጆቹ በ2003 ከቤት ውሾች የመጣ የእብድ ውሻ በሽታ የዌብ ሸለቆ ቀበሮዎችን ፈጀ፣ ከአራቱ ሦስቱ ገደማ አለቁ። በአጎራባች ቦታ ያሉት ቀበሮዎች በክትባት ነው የተረፉት። ከዚያ በኋላም በሽታው በ2008 እና በ2014 ተመልሷል።

ውሻ ያለ ምክንያት አልመጣም። ጅብና ነብር ስላለ ከብቱን ይጠብቃል። ውሻውን አስወግዱ ብትሏቸው የሚሰማችሁ የለም። በየዓመቱ ይከተብ ስትሏቸው ግን ይዘው ይመጣሉ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ሰውየው ከሩቅ መንደር ውሻውን በገመድ እየጎተተ ሲመጣ ካየሁ በኋላ «የአካባቢው ሰው ለእንስሳ ግድ የለውም» የሚለውን ወሬ መስማት አልችልም።

አስጎብኚ፦ ስለ ገንዘቡ እውነቱን ልንገራችሁ። አብዛኛው ጎብኚ ምሳውን ከጎባ ቋጥሮ ይመጣል። የፓርኩ ከፍተኛ ጫፍ ቱሉ ዲምቱ ላይ ፎቶ ይነሳል፣ ቀበሮ ይፈልጋል፣ ቁልቁል ሐረናን አየት አድርጎ ይመለሳል። ሪራ የሚቀርላት አቧራው ነው። አንድ ሌሊት የሚያድር እንግዳ ግን ፈረስ ይከራያል፣ የመንደሩን ልጅ መንገድ መሪ ይይዛል፣ ማር ይገዛል። ማሩን አይታችኋል? ቀፎው ትልልቅ ዛፍ ላይ ከፍ ብሎ ነው የሚሰቀለው። ያ ዛፍ ከተቆረጠ ቀፎም የለም፣ ንቡም የሚቀስመው አበባ የለም። ባለ ቀፎ ያንን ዛፍ እንደ ልጁ ነው የሚጠብቀው። ከዘበኛ በላይ ማለቴ ነው።

ከዲሲ፦ ልጆቼን በሐምሌ ልወስዳቸው አስቤ ነበር። ይሆናል?

አስጎብኚ፦ እህቴ፣ ሐምሌ ዝናብ ነው፣ ጉሙም አያሳይሽም። ከኅዳር እስከ ጥር ብትመጪ ይሻላል። ሌሊቱ ግን ይበርዳል፣ ለልጆቹ ወፍራም ልብስ ያዢ።

የባዮሎጂ መምህርት፦ ስለ ቀፎው ያልከው እውነት ነው፣ አልክድም። የጎባው ልጅ፣ አንተንም ሰምቼሃለሁ። ሰው በግድ ይነሳ አላልኩም፣ እንደዚያ ከተሰማችሁ ይቅርታ። ማገዶውን ግን ማንም አልመለሰልኝም። ባለ ጥያቄው፣ አንተ ባደርክበት ቤት እሳቱ ምን ነበር?

ባለ ጥያቄው፦ መምህርት፣ ጥያቄዎ ከትናንት ጀምሮ አላስተኛኝም። ብርዱ ከባድ ነበርና ሌሊቱን ሙሉ እሳት ነደደልኝ። ለእኔ ብለው ነው ደጋግመው የጨመሩት። እናትየው «እንግዳ አይበርደውም» እያለች ነበር። የምን ዛፍ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ለራሳቸው ቢሆን ያን ያህል አያነዱም ነበር።

እንግዳ ይሂድ የሚለውን አሁንም አልለቅም። ግን የእኔ ሙቀት ከሐረና ዛፍ መምጣት የለበትም። በሚቀጥለው ጉዞ ለብርዱ የሚሆን የመኝታ ከረጢት ይዤ እሄዳለሁ፣ እሳቱ ለእራትና ለቡና ብቻ ይሁን ብዬ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። የእንጨቱን ያህል ለቤቱ ጨምሬ እከፍላለሁ። ዶክተር፣ የቤቱ ውሻ መከተቡን መጠየቅ ያስቀይማቸዋል?

የእንስሳት ሐኪሙ፦ ምንም አያስቀይምም። ስሙንም ጠይቃቸው፣ ደስ ይላቸዋል።

የጎባ ልጅ፦ በጥር ከመጣህ ጎባ እቀበልሃለሁ። ለእናትየው ሻይና ስኳር ያዝላት፣ ከገበያ ሩቅ ናቸው።