የአሰልጣኞች ደንብ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበውን ሐሳብ እዚህ እንጨርስ

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የልጆቻችንን እግር ኳስ ቡድን የሚመለከተው ረቂቅ እስካሁን አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «የአሰልጣኝ ውል በየዓመቱ ይታያል»። ጉባኤው ላይ «ለምን ሲባል?» የሚል አይጠፋም። ምክንያቱን አብረን እንጻፍ።

የሥልጠና ክፍል፦ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። ከዚህ ከሂውስተን አንድ ሰዓት ተኩል ብትነዱ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ትደርሳላችሁ። የቡድኑ አሰልጣኝ የነበረውን የጂምቦ ፊሸርን ነገር እናንሳ። ስፖርቱ የአሜሪካ ፉትቦል ነው፣ ይሁን። ሰውዬው ተራ አሰልጣኝ አልነበረም። በ2013 (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው) የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲን ቡድን ይዞ 14 ተጫውቶ 14 አሸነፈ። ፍጻሜውን ከኦበርን ጋር 34 ለ 31 ጨርሶ ዋንጫውን ወሰደ። ኤ ኤንድ ኤም በ2017 መጨረሻ ሲያመጣው የ10 ዓመት፣ የ75 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጠው። ቢያባርሩትም ገንዘቡ የእሱ ነው። በ2020 ዘጠኝ አሸንፎ አንዴ ብቻ ተሸነፈ፤ በዓመቱ ውሉን እስከ 2031 አራዘሙለት።

ችግሩ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ማጥቃቱንም ራሱ ይመራ ነበር። ሜዳ ላይ እያንዳንዷን የማጥቃት እንቅስቃሴ የሚመርጠው እሱ ነው፤ ሥራውን ለሌላ አላካፈለም። ዘዴው ውስብስብና ዝግ ያለ፣ ወጣት ኳርተርባክ (ሜዳ ላይ ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) ላይ ብዙ የሚጭን ነው። ሌሎች ኮሌጆች አጨዋወታቸውን ሲያቀሉና ሲያፈጥኑ እሱ በሚያውቀው ቀጠለ። በ2022 በታሪክ አንደኛ የተባለ የአዲስ ተጫዋቾች ስብስብ አስፈረመ። በዚያው ዓመት 5 አሸንፎ 7 ተሸነፈ። አፓላቺያን ስቴት የሚባል አነስ ያለ ቡድን 1.5 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎት መጥቶ፣ በኤ ኤንድ ኤም ሜዳ 17 ለ 14 ረትቷቸው ሄደ። ከፍሎ መሸነፍ ማለት ይሄ ነው!

ገንዘብ ያዥ፦ በኖቬምበር 2023 ሲያሰናብቱትስ? ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ነው የተሸከሙት። የእኛ አሰልጣኝ የሚያገኙት የቤንዚን ብቻ ነው። «ውል» የሚለውን እንተወውና «የሥራ ዘመን» እንበል።

የወላጆች ተወካይ፦ እኔ አልተስማማሁም። በ2023 መጀመሪያ ላይ እኮ ቦቢ ፔትሪኖ የሚባል አሰልጣኝ ቀጥሮ ማጥቃቱን ሰጥቶታል። «ሥራ አላካፍልም ብሎ ወደቀ» ማለት ለንግግር ያምራል እንጂ ሙሉ እውነት አይደለም። ዋናው ኳርተርባክም በሴፕቴምበር ተጎድቶበታል። የተባረረው ደግሞ ሚሲሲፒ ስቴትን 51 ለ 10 ባሸነፈ ማግስት ነው!

የሥልጠና ክፍል፦ እህቴ፣ እውነትሽን ነው። ግን የሰጠው 5 አሸንፎ 7 ከተሸነፈበት ዓመት በኋላ ነው። በዚያ ላይ ከ2021 ጀምሮ አንድ ተጫዋች ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሌጅ ሲቀይር ዓመት ሳይጫወት መቀመጥ ቀርቷል። ቅር ያለው ልጅ ዝም ብሎ አይጠብቅም፣ ይሄዳል። ከዚያ ምርጥ ስብስብ ብዙዎቹ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። የእኛም ልጆች ሲሰለቻቸው የሰፈራቸው ክለብ ይወስዳቸዋል። ስለዚህ ግምገማው ከሽንፈት በፊት ይሁን ነው የምለው።

አሰልጣኙ፦ ልጆቼ፣ ነገሩ ስለ እኔ ከሆነ ፊት ለፊት ንገሩኝ። የሚሊየነር ታሪክ አታዙሩብኝ። ረዳት ስጡኝ ብዬ ስንት ጊዜ ጠየቅሁ፤ ማን መጣ? ሰው ሳትሰጡኝ «ሥራ አካፍል» የሚል ደንብ ብታወጡ አልፈርምም።

ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ እርስዎንም ይመለከታል፤ አልደብቅዎትም። የረዳቱ ጥያቄ ግን ትክክል ነው፣ ረቂቁ ውስጥ ይግባ። እንዲህ ቢሆንስ፦

«የአሰልጣኝ የሥራ ዘመን አንድ ዓመት ሆኖ ይታደሳል። ግምገማው ውጤት ጥሩ ቢሆንም ባይሆንም በየዓመቱ ይደረጋል፤ ልጆቹም ይጠየቃሉ። ኮሚቴው ውድድር ከመጀመሩ በፊት ሁለት ረዳቶች ያቀርባል፤ አሰልጣኙ ቢያንስ አንዱን የሥልጠና ቀን ለእነሱ ይሰጣል። ረዳት ካልቀረበ አሰልጣኙ በዚህ አይጠየቅም።»

አሰልጣኙ፦ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ካልተነካች እፈርማለሁ። የትኛውን ቀን እንደምሰጥ ግን እኔ ልምረጥ።

የወላጆች ተወካይ፦ ይምረጡ ጋሼ። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፤ ልጆቹ ሲጠየቁ ወላጅ አጠገባቸው አይቁም።

ገንዘብ ያዥ፦ የረዳቶቹን ቤንዚን ማን ነው የሚከፍለው? እሱ ሳይጻፍ ወደ ጉባኤ አይሂድ።

ጸሐፊ፦ ከቡና ሽያጩ ይሁን ብዬ ጽፌዋለሁ። የፊሸርን ታሪክ በግማሽ ገጽ አሳጥሬ፣ የፔትሪኖን ነገር ጨምሬ አያይዛለሁ። ተቃውሞ ያለው እስከ ሐሙስ ማታ ይጻፍ።