ቼሎ ከአርባ በኋላ፦ ድምፁ ለምን ይፋጭብኛል?

ዝቅተኛዋ_ዶ (ጥያቄ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ዕድሜዬ አርባን ዘሏል። ሙያዬ ሒሳብ አያያዝ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከቁጥር ጋር ነኝ። ከዚህ በፊት የሙዚቃ መሣሪያ ይዤ አላውቅም። ልጆቼ ከፍ ከፍ ሲሉ ማታ ማታ ትንሽ ጊዜ አገኘሁና ቼሎ (ተቀምጠው የሚጫወቱትን ትልቁን የቫዮሊን ዘመድ) ተከራየሁ፣ አስተማሪም ያዝኩ። በሳምንት አንዴ እንገናኛለን።

ክሮቹን በጣቴ ስነካቸው ደስ ይላል። በተለይ ወፍራሟን ዶ ስስባት ንዝረቷ ደረቴ ውስጥ ይገባል። የዚህ ቤት ስሜንም ከእሷ ነው የወሰድኩት። ችግሩ የሚመጣው ደጋኑን ሳነሳ ነው። ዶ ላይ ይፋጫል፣ ያጓራል። ቀጭኗ ላ ላይ ደግሞ ድንገት ያፏጫል። አንዳንዴ አንድ ንጹህ ድምፅ ይወጣና "አገኘሁት!" ስል ወዲያው ይጠፋል። ምን አድርጌ እንዳመጣሁት ስለማላውቅ መድገም አልችልም። የሒሳብ ሰው ነኝና ይሄ ያቃጥለኛል። ይህን ያህል ከገባ ይህን ያህል ይወጣል ማለት መቻል እፈልጋለሁ።

ግራ እጄም አልተመቸውም። አውራ ጣቴ ትንሽ ቆይቶ ይደነዝዛል። እጄ ትንሽ ስለሆነ አራተኛዋ ጣት ቦታዋ እስክትደርስ ጣቶቼ ይወጠራሉ። አስተማሪዬ የጣት ቦታ እንዳይጠፋኝ ጣት በሚያርፍበት ሰሌዳ ላይ ቀጭን ፕላስተር ለጥፋልኛለች። ቫዮሊን የሚጫወት ዘመዴ ደግሞ "አንሺው፣ ጆሮሽ ይሰንፋል" ይለኛል። ማንን ልስማ?

ሌላው፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን የሙዚቃ ደራሲውን የባህን የመጀመሪያ የቼሎ ስዊት መግቢያ አንድ ቀን መጫወት እመኛለሁ። ይሆናል ወይ? እባካችሁ "ዕድሜ ቁጥር ነው" አትበሉኝ። ቁጥር ሥራዬ ነው። እውነቱን ንገሩኝ።

የመጨረሻ_ወንበር

እህቴ፣ እንኳን በደህና መጣሽ። እኔም ጢሜ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው ቼሎ የያዝኩት። አሁን አንድ የአማተር ኦርኬስትራ ውስጥ ከቼሎዎቹ መጨረሻ ላይ እቀመጣለሁ። ቦታዬን የሚቀማኝ የለም፤ ደስተኛ ነኝ።

እውነቱን ካልሽ፣ መድረክ ላይ ብቻሽን ተቀምጠሽ አዳራሽ አትሞዪም። ከሰው ጋር ለመጫወት ግን ቼሎ ለዘገየ ሰው ደግ ነው። ብዙ ጊዜ የሚይዘው ባሱን ነው። ቫዮሊኖቹ ላይ ታች ሲሯሯጡ አንቺ አንዲት ሶል ይዘሽ ትቆያለሽ። ያቺ ሶል ንጹህ ከሆነች ማንም ዕድሜሽን አይጠይቅም።

አሁን ወደ ድምፁ። የጠየቅሽው ሒሳብ አለ። የደጋኑ ጭራ ክሩን ይይዘዋል፣ ትንሽ ይጎትተዋል፣ ይለቀዋል፣ መልሶ ይይዘዋል። ባዶዋ ላ ላይ ይሄ በሰከንድ 220 ጊዜ ይሆናል፤ ያንቺ ዶ ላይ 65 ጊዜ ገደማ። ሮዚን የሚባለውን ሙጫ የምንቀባውም ጭራው ክሩን መያዝ እንዲችል ነው። ይህ መያዝና መልቀቅ ሥርዓት ሲይዝ ድምፁ ይዘፍናል፣ ሥርዓቱ ሲፈርስ ይፋጫል ወይም ያፏጫል።

የሚገቡት ነገሮች ሦስት ናቸው። ክንድሽ ክሩ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት፣ የደጋኑ ፍጥነት፣ እና ደጋኑ ከብሪጁ፣ ማለትም ክሮቹን ከሆዱ በላይ ደግፎ ከያዘው እንጨት፣ ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ። ክብደት በዝቶ ደጋኑ ቀርፋፋ ከሆነ ይፋጫል። ክብደት አንሶ ከፈጠነ ያፏጫል። ወደ ብሪጁ ስትቀርቢ ክብደት ጨምሪ፣ ፍጥነት ቀንሺ። ወደ ጣት ሰሌዳው ስትርቂ ተቃራኒውን። ዶ ወፍራም ክር ናት፤ ለመነሳት ጊዜ ትፈልጋለች። ደጋኑን ቀስ አድርጊላት፣ ከብሪጁም ትንሽ ራቅ በይ። ላ ቀጭን ናት፤ የምታፏጨው ብዙ ጊዜ ደጋኑ ሲንሳፈፍ ወይም ጠመም ብሎ ሲሄድ ነው። ስለዚህ በሁለቱ ክሮች ላይ አንድ ዓይነት ደጋን አትጠቀሚ።

ክብደት ስል መጫን አይደለም። ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ትከሻሽን አውርጂ፣ ክንድሽ በራሱ ይንጠልጠል፣ ክብደቱ በአመልካች ጣትሽ በኩል ወደ እንጨቱ ይፍሰስ። የቀኝ አውራ ጣትሽ ቀጥ ብሎ ከደረቀ እጁ በሙሉ ይደርቃል፤ ትንሽ ይታጠፍ። አንድ ልምምድ ልስጥሽ። ደጋኑን ክሩ ላይ አሳርፊ። ድምፅ ሳታወጪ ክሩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ወዝውዢው። ጭራው ክሩን እንደያዘው እጅሽ ይሰማዋል። ከዚያ ነው መሳብ። መነሻው ላይ ጥርት ያለች "ት" ከሰማሽ ገብቶሻል።

ከዚያ መስታወት ፊት ለፊት ተቀመጪ። ደጋኑ ከብሪጁ ጋር ትይዩ ሆኖ ነው መሄድ ያለበት። ክንዳችን ግን ከትከሻ ስለሚዞር በተፈጥሮው ቅስት ነው የሚሠራው። ወደ ጫፉ ስትደርሺ ደጋኑ አቅጣጫውን ይስታል። ክርንሽን ከፈት አድርጊ፣ እጅሽ ወደ ፊት ይሂድ። ምት የሚቆጥረውን ሜትሮኖም 60 ላይ አድርጊና ባዶ ክር ላይ አራት ምት ሂጂ፣ አራት ምት ተመለሺ። ይሰለቻል። ይሁን። ለጥቂት ወራት ዜማ የሚባለውን ሁሉ ትተሽ ይህን ብቻ ብትሠሪ እመርጣለሁ። ግራ እጅ ኋላ ይደርሳል።

አውራ ጣትሽ የሚደነዝዘው የቼሎውን አንገት እንደ ጉጠት ስለምትቆነጥጪው ይመስለኛል። ቦታው ከሁለተኛ ጣትሽ ትይዩ ነው፤ መንካት እንጂ መያዝ የለበትም። አውራ ጣትሽን ጭራሽ ከአንገቱ አንሥተሽ አንድ መስመር ተጫወቺ። ክሩን የሚያወርደው የክንድሽ ክብደት እንደሆነ ያኔ ይገባሻል። የሚደነዝዘው ከልምምድ ውጭም ከቀጠለ ግን ለሐኪም አሳዪው። ይሄ የዚህ ቤት ጉዳይ አይደለም።

የእንጨት_ሰው

መሣሪያ እጠግናለሁ። ስለ እጅ ብዙ ተባለ፣ ስለ ዕቃው ማንም አልጠየቀም። የኪራይ ቼሎ ነው ብላለች እኮ!

እህቴ፣ መጀመሪያ ክሮቹ ከሰሌዳው ምን ያህል እንደሚርቁ አስለኪ። ልኩ የሚወሰደው ሰሌዳው ወደ ብሪጁ በኩል በሚያልቅበት ጫፍ ላይ ነው። ላ ክር ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር፣ ዶ 8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ በጣም ከበለጠ የማንም ሰው ጣት ይደክማል። የአንቺ አውራ ጣት ኃጢአት የለበትም።

ብሪጁን ከጎኑ እይው። በሙጫ አልተጣበቀም፤ የያዘው የክሮቹ ውጥረት ብቻ ነው። ክር በተቃኘ ቁጥር አናቱ ወደ ሰሌዳው ይሳባል። ቀና ብሎ ካልቆመ ራስሽ ለማቃናት አትሞክሪ፣ አስተማሪሽ ታሳይሽ። ሁሉንም ክሮች በአንዴ አታላዪ። ሆዱ ውስጥ የቆመች ትንሽ የእንጨት ምሰሶ አለች፣ እሷም ያለ ሙጫ ነው የቆመችው። ውጥረት ሲጠፋ ትወድቃለች፣ እኔም ሥራ አገኛለሁ።

ስለ እጅሽ። በሙሉ መጠን ቼሎ የክሩ ርዝመት 69 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በመጀመሪያው ፖዚሽን (እጁ ወደ መቃኛ ቁልፎቹ ቀርቦ ሲያርፍ) ከአንደኛ ጣት እስከ አራተኛ ጣት ያለው ርቀት ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ቫዮሊን ላይ ከዚህ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ የዘመድሽን ምክር በዚያ ልክ ውሰጂው። ደግሞ ጣቶች አይዘረጉም። እጁ በሙሉ ከክንዱ ጋር ወደ አራተኛው ይንቀሳቀሳል፣ ሌሎቹ ዘና ይላሉ። ያም ሆኖ ካስቸገረሽ 7/8 የሚባል መጠን አለ። በእሱ የሚጫወቱ ጎበዞች አሉ፣ የልጅ ዕቃ አይደለም።

ወንበርሽ ጠፍጣፋና ክንድ ማሳረፊያ የሌለው ይሁን፤ ጫፉ ላይ ተቀመጪ። ከሥር የሚወጣውን ብረት ስታስተካክዪ የዶ መቃኛ ቁልፍ ከግራ ጆሮሽ ኋላ ይዋል፤ የቼሎው ጀርባም ደረትሽን ይንካ። ወለሉ የሚያንሸራትት ከሆነ ብረቱን የሚይዝ ማሰሪያ ከወንበሩ እግር ጋር እሰሪ። ስትጨርሺ የደጋኑን ጭራ አላዪው። አየር በጣም ሲደርቅ እንጨቱ ሊሰነጠቅ፣ መቃኛ ቁልፎቹም ሊከዱ ይችላሉ። ከማሞቂያም ከፀሐይም አርቂው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ከሚ እስከ ፋ ሻርፕ ባለው አካባቢ አንድ ድምፅ ላይ ቼሎው ራሱ ሊንተባተብ ይችላል። ተኩላ ይሉታል። ጥሩ ጥሩ ቼሎዎችም አላቸው። አንቺ ያመጣሽው እንዳይመስልሽ።

ሬ_ሚነር

ሰላም እትዬ። ልጆችንም አዋቂዎችንም አስተምራለሁ። ከጋሽ የመጨረሻ_ወንበር ጋር በአንድ ነገር አልስማማም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አዋቂን ሰው ወራት ሙሉ ባዶ ክር ላይ ማስቀመጥ ቼሎውን ሳጥን ውስጥ ማስገቢያ መንገድ ነው። ልጅ እናቱ ስለምታስገድደው ይለማመዳል። አዋቂን የሚያስገድደው የለም። የሚወዱት ዜማ ይያዙ፣ ቀላል ይሁን፣ በአራትና በአምስት ድምፅ የሚያልቅ። ባዶ ክሩን መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይሥሩ፣ ከዚያ ወደ ዜማው ይሂዱ። ያው ደጋን ነው የሚሠራው።

ፕላስተሩን በተመለከተ ሁለቱም ልክ ናቸው። ዓይን ይረዳል፣ ጆሮ ግን በዓይን ላይ መደገፍ ይለምዳል። ስለዚህ በየተራ ነው የሚነሣው። መሐል ያሉትን መጀመሪያ ያንሡ፣ አንደኛና አራተኛ ጣት ይቆዩ። እስከዚያው ቼሎው ራሱ ያርምዎት። ሬ ክር ላይ አራተኛ ጣት ሶል ነው። ድምፁ ልክ ከሆነ ማንም ያልነካት ባዶ ሶል ክር ትንቀጠቀጣለች፤ ዓይንዎን ጥለው ይዩዋት። ላ ክር ላይ አራተኛ ጣት ሬ ነው፤ ባዶዋ ሬ ትመልስልዎታለች። ሶል ክር ላይ አንደኛ ጣት ላ ነው፤ ባዶዋ ላ ትነሣለች። በትንሹ እንኳ ከሳቱ ድምፁ ይደፈናል። ተማሪዎቼ ይህን ካዩ በኋላ ፕላስተሩን ራሳቸው ይልጡታል።

ስለ ባህ። ኖታውን ብቻ ያየ ሰው ቀላል ይመስለዋል፣ አብዛኛው እጅ ብዙ ሳይወጣ ይገኛልና። አስቸጋሪው ቀኝ እጅ ነው። ገና ሲጀምር ባዶ ሶል፣ ባዶ ሬ፣ ከዚያ ላ ክር ላይ ሲ ነው። ሦስት ክር በአንድ ትንፋሽ! ስለዚህ ከአሁኑ ዝግጅቱን መጀመር ይችላሉ። ግራ እጅዎን ጭንዎ ላይ ያሳርፉና ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሬ እያሉ በባዶ ክር ይመላለሱ፣ በጣም በዝግታ። ከአንዱ ክር ወደ ሌላው የሚወስድዎት የክንድዎ መታጠፊያ፣ ክርንዎ ነው፣ አንጓ ብቻ አይደለም። ሙሉውን መግቢያ በአንድ ዓመት እጨርሳለሁ ብለው አይጨነቁ። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መስመሮች በዝግታ መጫወት ግን ከዚያ በጣም ቀድሞ የሚመጣ ነገር ነው።

ዝቅተኛዋ_ዶ

ሁላችሁም ተባረኩ። ሪፖርት ይዤ መጥቻለሁ።

የእንጨት_ሰው፣ አስለካሁት። ላ ክር 9 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ! አስተማሪዬም ጣቷን አሳርፋ "በዚህ ነው እንዴ የምትጫወቺው?" አለች። ያከራዩኝ ሰዎች ብሪጁን ሊቀይሩልኝ ተስማምተዋል።

ጋሼ፣ ደጋኑን ድምፅ ሳያወጡ መወዝወዙ ሠራልኝ። ያቺን "ት" ሰማኋት። ዶ ላይ አሁን ከመሳቤ በፊት እጠብቃታለሁ፣ እሷም ትነሣለች። ላ ግን አሁንም ታፏጫለች፣ በተለይ ከሬ ወደ እሷ ስሻገር።

ሬ_ሚነር፣ ሶሏ ስትንቀጠቀጥ አየኋት። ልጆቼን ጠርቼ አሳየኋቸው። ትንሿ ልጄ አሁን ከእኔ ቀድማ "ሳትሽ!" ትላለች። ይሄን አልመከርሽኝም ነበር።

የመጨረሻ_ወንበር

9 ሚሊ ሜትር! እሺ፣ እጄን ሰጥቻለሁ፣ ዕቃው ነበር። ግማሹ። ሌላው ግማሽ ቀኝ እጅ ነው፣ ከዚህ አልነቃነቅም።

ከሬ ወደ ላ ስትሻገሪ የሚያፏጨው ደጋኑ ላ ላይ ሳያርፍ ስለሚንቀሳቀስ ነው። በሁለቱ ክሮች መሐል ሁለቱንም አንድ ላይ የምትነካበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ቆዪና ሁለቱን አብረሽ ሳቢ። ከዚያ ክርንሽን በጥቂቱ ከፍ ስታደርጊ ላ ብቻዋን ትቀራለች። ዝላይ የለም።

የእንጨት_ሰው

አዲሱ ብሪጅ ሲገባ ከፍታው ስለሚቀየር ፕላስተሮቹ ትንሽ ሊስቱ ይችላሉ። አስተማሪሽ እንደገና ትለካቸው።

ሬ_ሚነር

ወይም መሐል ያሉትን ያን ዕለት ያንሷቸው። ልጅዎ እንደሆነች ትቆጣጠርዎታለች።