ኢ-ለርኒንግ ከፊደል ገበታና ከፕላዝማ በምን ይለያል?

ጥያቄ፦ የፊዚክስ መምህር፣ ከቱሉ ዲምቱ

ጤና ይስጥልኝ። የማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኢ-ለርኒንግ፣ ማለትም በኮምፒውተር፣ በስልክና በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርት፣ ሊጀምር ስለሆነ ለባልደረቦቼ ገለጻ እንዳቀርብ ተጠይቄአለሁ። ሰው ሁሉ ነገሩን ፈጽሞ አዲስ አድርጎ ሲያወራው እሰማለሁ፤ እኔ ግን በክፍላችን ግድግዳ ላይ አቧራ ለብሶ የቀረውን፣ የሳተላይት ትምህርት ይታይበት የነበረውን የፕላዝማ ቴሌቪዥን ባየሁ ቁጥር እጠራጠራለሁ። ኢ-ለርኒንግ በማስተማሪያ መሣሪያዎች ታሪክ ውስጥ ቦታው የት ነው?

መልስ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር፣ ከሰንዳፋ

መምህር፣ ታሪኩን ከፊደል ገበታ ቢጀምሩት መልካም ነው። እኔ የቆጠርሁት የኔታ ዘንድ፣ በስንደዶ እየጠቆምሁ ነው። ተራው የ«ቦ» ሆኖ ሳለ አፌ «ቡ» ካለ፣ የኔታ ዓይናቸውን ከዳዊታቸው ሳያነሡ «ተመለስ» ይሉኝ ነበር። ሀ ሁ ሂን በቃሌ ወጥቼ እንዳላታልላቸው ደግሞ አቡጊዳ አለ፤ የፊደሉን ተራ አዘበራርቆ ስለሚያቀርብ መልኩን ያልለየ ልጅ ወዲያው ይያዛል። ገበታው ያስተማረኝ ስሕተቴን ሰምቶ የሚመልስልኝ ሰው አጠገቡ ስለነበረ ነው።

የርቀት ትምህርትም በዚሁ መንገድ ነው የተጀመረው። አይዛክ ፒትማን በእንግሊዝ አገር በ1840 እ.ኤ.አ. አጭር ጽሕፈትን (ንግግርን በምልክት ፈጥኖ የመጻፍ ዘዴ) በፖስታ ሲያስተምር፣ ተማሪዎቹ የሠሩትን መልሰው ይልኩለትና እርማቱ በፖስታ ይደርሳቸው ነበር። በ1960 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ፕላቶ የተባለው የኮምፒውተር ማስተማሪያም ተማሪው መልሱን ሲጽፍ ትክክል መሆን አለመሆኑን ይነግረው ነበር። በአንጻሩ ቶማስ ኤዲሰን በ1913 እ.ኤ.አ. ተንቀሳቃሽ ፊልም መጻሕፍትን ከትምህርት ቤት በቅርቡ እንደሚያስወጣ ተናግሮ ነበር፤ ፊልም ግን ያሳያል እንጂ አይሰማምና መጻሕፍቱ እስከ ዛሬ አሉ። ስለዚህ የእርስዎ ኢ-ለርኒንግ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

መልስ፦ የፕላዝማ ተማሪ የነበርሁ፣ ከኮዬ ፈጬ

የመምህራችን ሐሳብ የራሴን ትዝታ ቀሰቀሰብኝ። ፕላዝማ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር 9ኛ ክፍል ነበርሁ። ትምህርቱ በሳተላይት በተመደበለት ሰዓት ይጀምራል፣ በሰዓቱም ያበቃል፤ መብራት ከጠፋ ያመለጠን አመለጠን ማለት ነው። ሥዕሎቹ፣ በተለይም የኬሚስትሪው፣ በጥቁር ሰሌዳ ሊታዩ የማይችሉ ግሩም ነበሩ፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን በፈጣን እንግሊዝኛ ጥያቄ ይቀርብና ጥያቄውን እንኳ ጽፈን ሳንጨርስ መልሱ ይመጣ ነበር። መምህራችን በሩ አጠገብ ቆመው ፊታችንን ያያሉ፤ እንዳልገባን ያውቃሉ፤ ስርጭቱን ግን ማስቆም አይችሉም። የዛሬው ቪዲዮ ቆሞ ይጠብቃል፣ ወደ ኋላም ይመለሳል። እኔ በ9ኛ ክፍል ይህን ባገኝ ኖሮ እላለሁ።

መልስ፦ የሦስት ልጆች እናት፣ ከሰበታ

ቪዲዮው መቆሙ ብቻውን አይበቃም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ሦስቱ ልጆቼ በአንድ ስልክ እየተፈራረቁ ከቴሌግራም የሚላከውን ፒዲኤፍ ያነቡ ነበር። ትልቋ ልጄ የሒሳብ መልመጃዋን ሠርታ፣ ደብተሯን መስኮት ዳር አድርጋ ፎቶ አንሥታ ላከች። በነጋታው፣ በሠልስቱም ስልኩን ከፍታ አየች፤ ምላሽ አልነበረም። በአራተኛው ቀን መላኩን ተወችው። መምህራኑን አልወቅስም፤ ለዚያ ሥራ ጊዜ የመደበላቸው አልነበረምና። ለዳታ የሚወጣውንም ገንዘብ እባካችሁ አስቡልን።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እናቴ፣ የልጅዎ ነገር ልቤን ነካው። በገለጻዬ ስለ ሶፍትዌሩ ያዘጋጀሁትን ግማሹን አውጥቼ፣ ተማሪ የላከው መልመጃ በስንት ቀን ውስጥ እርማት እንደሚያገኝና ለእርማቱ ከእያንዳንዱ መምህር የሳምንት ክፍለ ጊዜ ስንት እንደሚቀነስ አስቀድመን እንድንወስን እጠይቃለሁ። ቪዲዮዎቹም ዳታ ለሌላቸው ተማሪዎች በፍላሽ እንዲገለበጡላቸው ሐሳብ አቀርባለሁ። ስብሰባው የፊታችን ዓርብ ነው፤ ውሳኔውን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።