የዚህን አሮጌ መጽሐፍ ዕድሜ እንዴት ልወቅ?

እስቲ እርዱኝ። እዚህ ሜሪላንድ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ የአሜሪካ አጫጭር ልቦለዶች ስብስብ በ2 ዶላር ገዛሁ። የኅትመት ዓመቱ ያለበት ገጽ ግን ተገንጥሏል። ሽፋኑ ላይ ዋጋው 35 ሳንቲም ይላል (ደጉ ዘመን!)። የአሳታሚው አድራሻ «ኒው ዮርክ 22» ነው፤ ዚፕ ኮድ (ባለ አምስት አሃዙ የአሜሪካ የፖስታ ቁጥር) የለውም። ዚፕ ኮድ የመጣው በ1963 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከዚያ በፊት የታተመ መሰለኝ። ውስጡ ደግሞ የደራሲዋ የሸርሊ ጃክሰን «ዘ ሎተሪ» የሚባል አጭር ልቦለድ አለ፤ እሱ መጀመሪያ መጽሔት ላይ የወጣው በ1948 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚህ በላይ ማጥበብ አቃተኝ። ሌላ ምን ምልክት ልፈልግ?

ሙጫውም ደርቆ ገጾቹ እንደ ቅጠል እየረገፉ ነው። ስኮች እንዳልለጥፍ፣ ውሎ አድሮ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ያበላሸዋል። በምን ላጣብቀው?